ያጎረስኩት ጭልፊት

ካርቱም ውስጥ ካሉት ሐበሾች መሀል ጭልፊት ያሳደገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ። እኔ አሳድጌያለሁ። ከእንቁላል በወጣ ሰሞን ነው እጄ የገባው፣ ነጭ ጥጥ ይመስላል፣ ዓይኑ ብቻ ያስፈራል። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፣ እሱንም አልክድም።

ጦርነቱ ሳይመጣ ነው ይሄ። ከወንዙ ማዶ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር፣ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ቪላ ውስጥ ዘበኛ ነበርኩ። ሰውዬውን ሐጁ ነው የምንለው። የምንለው ስል እኔና ምግብ የምትሰራው የወሎ ሴትዮ ነን፣ ሌላ ሰራተኛ የለም። አንድ ቀን ሐጁ ጫጩት በካርቶን ይዞ መጣ። ከከሰላ በኩል፣ ረሻይዳ ከሚባሉት ዘላን አረቦች ከአንድ ሽማግሌ ነው የገዛው። ግቢው መሀል ቆሞ "ወፍ የሚያውቅ ማነው?" አለ።

"አና፣ እኔ" አልኩ። "እኛ አገር ጭልፊት እንደ ዶሮ ነው የምናረባው።"

እውነቱን ለመናገር እኔና ጭልፊት የምንተዋወቀው ዶሮአችንን ሲወስድብን በድንጋይ ሳባርረው ነው። እሱም መተዋወቅ ነው። ሴትዮዋ ከወጥ ቤቱ በር ሆና አየችኝ፣ አፏን ጠምዘዝ አድርጋ ገባች።

ሐጁ ደስ አለው። "ብርዱ ሲገባ ከኸሊጅ አረቦች እንግዳ ይመጣብኛል፣ ወፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ያኔ ይሄ ሰቀር የሚያኮራኝ ከሆነ ከፊልህ እሆናለሁ፣ ኢቃማህን እጨርስልሃለሁ" አለኝ።

ሰቀር ጭልፊት ነው፣ ከፊል የሚዋስህ አሰሪ ነው፣ ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት ነው። እሱ ከሌለህ፣ ከሻ የሚሉት አፈሳ ሲወጣ ትታፈሳለህ። እኔን ዴም፣ የሐበሻው ሰፈር ነው ያፈሱኝ፣ ከረክሻ፣ ከባጃጅ አውርደው፣ በእጄ ሁለት ዳቦ ይዤ። የፖሊሱ ግቢ ውስጥ ሁለት ቀን መሬት ላይ አስቀመጡኝ፣ ዳቦውንም እነሱ በሉት። ከዛ ወዲህ ዘጠኝ ወር ከካፉሪ አልወጣሁም። ዴም ጓደኞቼ ኳስ ያያሉ፣ ሰርግ ይጠራራሉ፣ እኔ በስልክ ነው የምሰማው። በሩ ላይ ተቀምጬ የሰው መኪና ስቆጥር ውዬ እገባለሁ። ስለዚህ ያ ጫጩት ለኔ ወፍ አልነበረም። ላባ የሚያበቅል ኢቃማ ነበር።

እና እንዴት አድርጌ እንዳሳደግኩት ልንገራችሁ። አጎረስኩት። የእርግብ ስጋ እከትፋለሁ፣ በሶስት ጣቴ ጠቅለል አደርግና "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያልኩ አፉ ውስጥ እከትለታለሁ። ማንም ሐበሻ የሚወደውን እንዴት ነው የሚያበላው? እንደሱ ነው። ጠዋት አጎርሳለሁ፣ ማታ አጎርሳለሁ፣ ከጎኔ ነው የሚተኛው፣ አወራዋለሁ። የማወራው ደሞ ብዙ ነው። እሱ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። በሕይወቴ እንደዛ የሰማኝ ሰው የለም።

ሴትዮዋ ግን ፍሪጁ ውስጥ የሞተ እርግብ ባየች ቁጥር ትነሳብኛለች።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ጥንብህን ከቲማቲሜ ጎን አታስቀምጥ ብዬሃለሁ።"

"እትዬ፣ ወጥሽን ከምንበላ እሱን ብንበላ ይሻላል።"

ሐጁ ይሄን ሰምቶ ሳቀ። አረብኛ አድርጌ ነው የተናገርኩት፣ እንዲስቅ ብዬ። እሷ አልሳቀችም። ከዛ ቀን ጀምሮ ሳህኔን ሳትሞላ ታቀብለኛለች፣ እኔም እየቆጠርኩባት ነበር።

ላባው ሲወጣ ወፉ አማረ። በቆዳ ጓንት ይዤው ስቆም መንገደኛ መኪና ያቆም ነበር። ችግሩ ያኔ ጀመረ። ጮኸ። መጀመሪያ ስጋ ሲያይ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ጓንቱን ሲያይ፣ ቀጥሎ እኔን ሲያይ። "ቂይይ፣ ቂይይ፣ ቂይይ"፣ ጆሮ የሚበሳ፣ ትንፋሽ የማይወስድ። ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትገባ። ዝም እንዲል ስጋ ስሰጠው ለአምስት ደቂቃ ዝም ይላል፣ ከዛ ብሶበት ይጮሃል። እልህ ያዘኝና ሁለት ቀን አስራብኩት። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የቆዳ ቆብ ዓይኑ ላይ ሳጠልቅለት ፀጥ ይላል፣ ግን ቆብ አጥልቆ የሚኖር ወፍ ምን ይሰራል? በመጨረሻ እኔም አብሬው ጮህኩበት። እሱ አሸነፈ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ መኮንን ነው። የቀትር እንቅልፉን ስለነሳነው በውስጥ ልብሱ መጥቶ በሩን በካልቾ መታ። ሐጁ እንግዳው ሊመጣ ሁለት ወር እንደቀረው አስቦ ፊቱ ጠቆረ።

"ሹፍ፣ ያ ዞል" አለኝ፣ እይ አንተ ሰው ማለቱ ነው፣ "ይሄ ወፍ በእንግዳዬ ፊት አንዴ ከጮኸ ኢቃማ ማፊ፣ የለም። ሻንጣህን ይዘህ ከሻ ወዳለበት ትሄዳለህ።"

ሻንጣ እንኳን የለኝም። እሱም ያውቃል።

ወፉን የሸጡት ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። ቀጭን ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ግቢው ውስጥ ተቀመጡና ወፉን አዩት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ፣ ወፉ ዝም ብሏል። "ያሳደገው ሰውዬ ይምጣ" አሉ። ገና ብቅ ስል ጀመረ። "ይሂድ" አሉ። ሄድኩ፣ ዝም አለ። እንዲህ ሶስቴ አስመላለሱኝ፣ እንደ በር።

"ምን አድርጎት ነው?" ብለው ጠየቁ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ያቺ ሴትዮ ከወጥ ቤቱ መለሰች። "በጣቱ ሲያጎርሰው ነው የኖረው፣ እንደ ሙሽራ።" ስትናገር ፊቷ በርቶ ነበር። እንደዛ በርቶ አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ነገሩ እንዲህ ነው አሉ። ጫጩት ላባ እስኪያወጣ ከወንድሞቹ ጋር ነው የሚቀመጠው፣ ምግቡ ይደረግለታል እንጂ ማን እንዳደረገው ማየት የለበትም። የሰው እጅ ሲያጎርሰው ከኖረ ሰውን እናቴ ነው ይላል። እናቱን ባየ ቁጥር ደሞ አብዪኝ እያለ ይጮሃል። ስትሰጠው ጩኸቱ ሰራልኝ ይላል፣ ስታስርበው ደሞ ይብሳል።

"አሁን ምን ይደረግ?" አለ ሐጁ።

"ይጥገብ፣ ግን የሚያበላው አይታይ። ስጋው በቀዳዳ ይግባ፣ ሰዓቱ አንድ አይሁን፣ ሲጮህ ምንም አይግባ፣ ዝም ሲል ብቻ። በእጅ የሚይዘው ሌላ ሰው ይሁን። ይሄ ልጅ ግን ፊቱም ድምፁም ይጥፋ። ወፉ ለሌላው ዝም ይላል፣ ለሱ ግን እስኪሞት ይጮሃል።"

እኔ ድምፄ ሊጠፋ። እስቲ አስቡት።

ወፉን የጀነሬተሩ ክፍል ጎን ያለ ባዶ ክፍል ውስጥ አስገባነው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀዳዳ ነበር፣ ጨርቅ ጋረድኩበት። እኔ ውጪ በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ፀጥ ብሎ ሲቆይ ስጋውን በጣሳ በጨርቁ ስር ገፋ አደርጋለሁ። አንዳንዴ በጠዋት፣ አንዳንዴ ከአስር ሰዓት በኋላ። ካልሲ አድርጌ ነው የምሄደው። ሳል ሲመጣብኝ ወደ በሩ እሮጣለሁ። ቀን ቀን ሐጁ ራሱ በጓንት ይይዘውና ግቢ ውስጥ ያንሸራሽረዋል፣ እኔ ያኔ ክፍሌ ገብቼ እዘጋለሁ። ስልክ እንኳን በሹክሹክታ ነው የማወራው። ጓደኞቼ ታመሃል ወይ ይሉኛል።

ይሄ ለዛች ሴትዮ ሰርጓ ነበር። እኔ በሆዴ ተኝቼ ጣሳ ይዤ ባለሁበት ነጭ ሽንኩርቷን ይዛ ትመጣለች፣ ጀሪካን ገልብጣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ እየላጠች ትጀምራለች። እሷ ብትናገር ወፉ ግድ የለውም።

"እህ፣ አባ ወሬ፣ እንዴት ዋልክ? ዝም አልክ ምነው?"

ጡጫዬን አሳየኋት።

"እጅህን አታወናጭፍ፣ ስጋው ይደፋል። ያኔ ወጥሽን ብለህ ሐጁን ያሳቅህብኝ ቀን ትዝ ይልሃል? እስቲ አሁን አስቀው። እኔ ሳህንህን አንድ ቀን አጥበህ ታውቃለህ? አላህ ያሳይህ፣ ሰማንያ ኪሎ ምላስ ተሸክመህ አንድ ሳህን ከበደህ።"

ጥርሴን ነክሼ ዝም። ከውስጥ ወፉም ዝም። ሁለታችንም እየሰማናት ነበር።

አንድ ቀን ግን ሽንኩርቱን አስቀምጣ ቀረብ አለችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ ከፊል ሁነኝ ብዬ ስድስት አመት ለምኜዋለሁ። ስድስት አመት ቡክራ፣ ነገ፣ ነገ ነው የሚለኝ። አንተ በአንድ ወፍ ቃል አስገባኸው። የጠላሁህ በወጡ ይመስልሃል?" አለችኝ። ተነስታ ሄደች። መልስ ነበረኝ፣ ጥሩ መልስ ነበር፣ ግን መናገር አልችልም ነበር። አሁን ሳስበው መልሱ ጠፍቶብኛል።

ወር ከምናምን አለፈ። ወፉ ዝም አለ። ሐጁ ይዞት ሲዞር ጭጭ፣ ስጋ ሲያይ ጭጭ፣ ጎረቤቱ መኮንን ራሱ መጥቶ ፎቶ ተነሳ። ያን ዝምታ የሰራሁት እኔ ነኝ፣ በሆዴ ተኝቼ። የዋስትናውን ወረቀት ከጀዋዛት፣ ከኢሚግሬሽን ቢሮው፣ በጓደኛ አስመጥቼ በስሜ አስሞልቼ ለሐጁ ሰጠሁት። "ቡክራ" አለ። በነጋታው "ቡክራ፣ ኢንሻአላህ"። ቀጥሎ "እንግዳው ይሂድ" አለ። ወረቀቱን መልሼ ወሰድኩና በኪሴ ያዝኩት።

እንግዳው የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፣ በሁለት መኪና። ሐጁ ቀድሞ "ክፍልህ ግባ፣ እስከሚሄዱ እንዳትተነፍስ" ብሎኝ ነበር። ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት፣ የሻይ ትሪ ይዛ።

"ሻይ ሳቀርብ የሰማሁትን ልንገርህ" አለች። "ወፉን እኔ ነኝ ያሳደግኩት አለ። ዘበኛው ሐበሻ አስቸግሮኛል፣ ነገ አባርረዋለሁ፣ ዘመዴን ነው የማመጣው አለ።"

"ደስ ይበልሽ" አልኳት።

"ደስ ብሎኛል" ብላ ሄደች።

ወረቀቱንና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። ሳሎኑ በትልቅ መስኮት ወደ ግቢው ይከፈታል። ወፉ ጀርባውን ሰጥቶ መቆሚያው ላይ ነው፣ እንግዶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፣ ሐጁ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። መስኮቱ ጥግ ላይ ግማሽ ፊቴን ብቻ አወጣሁ። ሐጁ አየኝ። ወሬው መሀል ላይ ተቆረጠ። ይቅርታ ብሎ ወጣ፣ በሆዱ እየገፋ መኪናዎቹ ጋ ወሰደኝ።

በሹክሹክታ ሰደበኝ። ውሻ አለኝ፣ አሳዳጊ የበደለህ አለኝ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለኝ። እኔ አልተናገርኩም። ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ወፉ አስር እርምጃ ላይ ነው።

"ቡክራ" አለ።

አፌን ከፈትኩ፣ ከነጥርሴ፣ ልናገር እንደሆነ ሁሉ። ደነገጠ። እጁን አፌ ላይ ጫነ፣ እጁ ሽቶና ጥሬ ስጋ ይሸታል። እኔ በእጁ ስር ወረቀቱን በጣቴ አሳየሁት። በግራ እጁ አፌን እንደያዘ በቀኝ እጁ ፈረመ። ፊርማው ትንሽ ተንጋዷል፣ ጀዋዛት ግን ተቀበሉት።

"ኸላስ፣ በቃ" አለኝ። "ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ቤት የለህም።"

ራሴን ነቀነቅኩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው አሳቅያለሁ፣ ብዙ ሰው አናድጃለሁ፣ ሁሉንም በአፌ ነው። ትልቁን ስራዬን ግን አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነው የሰራሁት።

ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ስወጣ በሩን የከፈተችልኝ ሴትዮዋ ናት። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣ ፊርማውንም አየች።

"አንድ ብቻ ነው የያዝከው?" አለችኝ።

የሷን ላስፈርምላት እችል እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ። አፌን ይዞ በነበረበት ሰዓት የፈለግኩትን ወረቀት ባቀርብለት ይፈርም ነበር። ምን ልበላት? እኔ ጠበቃዋ ነኝ? ስድስት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጣ ስትሰድበኝ ነው የኖረችው። "ወፍ አሳድጊ" አልኳት። ከወር በኋላ የመጀመሪያዬ ጮክ ያለ ቃል ነበር። ወፉ ከሳሎን ሰምቶ ጀመረ፣ "ቂይይ፣ ቂይይ"፣ የሐጁም ድምፅ ተከተለ። እሷ በሩን በላዬ ዘጋችው።

በነጋታው ጀዋዛት ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ፣ ሐጁ ሐሳቡን ሳይቀይር። ከሶስት ሳምንት በኋላ ኢቃማው ወጣ። ወፉን እንግዳው ይውሰደው፣ እዛው ይቅር፣ አልጠየቅኩም። ኢቃማውን ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ በጠራራ ፀሐይ ወደ ዴም የሚሄድ ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ድልድዩ ጋ ፖሊስ አስቆመን። አንገቱን አስገብቶ አየን። እጄ ኪሴ ላይ ነበር። ለሹፌሩ "ያላ፣ ንዳው" ብሎ አሳለፈን።

እንዴት ነው የማይጠይቀኝ? ቀጥሎ ባለው መውረጃ ወረድኩ። ድልድዩን በእግሬ ተመልሼ በፊቱ ቀስ ብዬ አለፍኩ፣ ሐበሻ ሐበሻ እየሸተትኩ። ስልኩን እያየ ነበር። አንዴ ደገምኩት።