ሁለተኛው ምስክር ራዲዮ ነበር

በዚያ ዘመን የጦርነቱን ወሬ የምንሰማው ከሁለት ቦታ ነበር። የመንግሥት ራዲዮ ወንበዴው ተደመሰሰ ይላል፤ የት እንደተደመሰሰ፣ ከእኛስ ወገን ማን እንደወደቀ ግን ትንፍሽ አይልም። የውጭዎቹ ጣቢያዎች ደግሞ «ታማኝ ምንጮች እንደገለጹት» ብለው ወንዙን፣ ጋራውን፣ የጦሩን ስም ሳይቀር ይጠሩታል። እኔ «እነማን ናቸው እነዚህ ታማኞች?» ማለት አመል ሆኖብኝ ነበር። አገሩ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ጋዜጠኛ አይገባበት፣ የወታደር ደብዳቤ ተቀዶ ሳይነበብ አይወጣበት። ታዲያ ባሕር ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ የእኛን ወንዝ በየት በኩል አየው? አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ይስቁብኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ መላኢካ መጥቶ ቢነግርሽም መታወቂያ ሳትጠይቂው አትቀሪም» ይሉኛል።

የምጠይቀው ለጨዋታ አልነበረም። ባሌ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ደብዳቤው ከቆመ ክረምቱ አልፏል። እኔ ደሴ ከወላጆቹ ጋር እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እሠራለሁ። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። መግሪብ ተሰግዶ በሩ ሲቀረቀር አማቴ ትራንዚስተራቸውን በጋቢ ሸፍነው ያበሯታል፤ ቀበሌ ከሰማ ጣጣው ብዙ ነው። ድምፁ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ሁላችንም ጋቢው ላይ ተደፍተን ነው የምንሰማው።

አንድ ምሽት የውጭው ጣቢያ ተናገረ። ከአካባቢው የመጡ መንገደኞችን ጠቅሶ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥብ የነበረ ጦር ተከቦ አለቀ አለ። የወንዙን ስም ጠራው። ባሌ እዚያ ወንዝ ዳር መስፈሩን ለፈቃድ የመጣ ጓደኛው ነግሮናል። አማቴ ራዲዮውን አጠፉና ቀና ብለው ሳያዩኝ ተነሥተው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተለወጠብኝ። ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ተራቸውን ይለቁልኛል። ስለ ባሌ መጠየቅ ያስቀራቸው ነገር ምንድን ነው? ነገረኛዋ ጎረቤታችን ሳትቀር ወተት ላከችልኝ፤ ያኔ ነው የምር የፈራሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? በማግስቱ እናቴ ሳትጠራ ከኩታበር መጣች፣ ያውም ባዶ እጇን። እናቴ በሶ ይሁን ባቄላ ሳትቋጥር ደሴ ገብታ አታውቅም። ማጀት አስገብቼ በሩን ዘጋሁባት።

«እማዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ምን ሰምተሽ ነው የመጣሽ?»

ለቅሶዋ ቀደማት። ጁምዓ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዱኝ ተማክረው ኖሯል። መርዶ እንዲህ ነው፤ አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ ባለቤቱ ፊት ግን ቀኑ እስኪደርስ ማንም አይናገረውም። ሽማግሎቹ ተቀምጠው፣ ሞት በአንድ ሰው ወሬ አይጸናም፣ ሁለት ምስክር ይገኝ ብለዋል። ሁለትም አግኝተዋል። አንደኛው ኮምቦልቻ የሚያድር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ራዲዮው ከመናገሩ በፊት ሻይ ቤት ተቀምጦ ወንዙን፣ የልብስ አጠባውን፣ ሁሉንም አውርቶታል። ሁለተኛው ምስክር ራዲዮው ነው። ሹፌርና ራዲዮ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ከተናገሩ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? እኔም ባሏ እንደሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት ሳልወጣ ዒዳዬን ልቀመጥ፣ ዒዳዬን ስጨርስ ደግሞ ለሌላ ልታጭ ነው።

ከሐዘኑ በፊት ንዴቱ መጣብኝ። ራዲዮ ምን ጊዜ ቁርዓን ነክቶ ማለ?

ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ሹፌሩን ስፈልግ ዋልሁ። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲያስለጥፍ አገኘሁት፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። ማን መሆኔን ነገርሁትና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወንድሜ፣ ጦሩ ሲያልቅ በዓይንህ አይተሃል?»

«ኧረ እኔስ ወልድያ ነው የሰማሁት። አንድ ሹፌር ነው የነገረኝ። ወሬ ነጋሪ እንኳ አልቀረም አለኝ።»

«ወሬ ነጋሪ ካልቀረ ለሱ ማን ነገረው?»

ጎንበስ ብሎ የጎማውን ብሎን መልቀም ጀመረ።

«ልብስ ሲያጥቡ ነበር ያለህስ እሱ ነው?»

እጁን በቡትቶ እየጠራረገ አቀረቀረ። «ወንዝ ዳር ነበሩ አለኝ። ወታደር ወንዝ ዳር ምን ይሠራል? ልብስ ነው እንጂ የሚያጥበው። እሱን እኔ ነኝ ያልሁት።»

«ራዲዮውም እኮ ልብስ ሲያጥቡ አለ!»

«አዎ፣ አዲስ አበባ ዘመዴ ቤት ምሳ ላይ አውርቼው ነበር። ከፈረንጆች ጋር የሚሠራ አንድ ሰውዬ ደጋግሞ አስወራኝ።» ይህን ብሎ እኔን የሚያጽናና ነገር ያገኘ ይመስል ቀና አለ። «እኔም በልቤ እጠራጠር ነበር፤ ራዲዮው ሲናገረው ነው፣ ወላሂ፣ ያመንሁት።»

ሳቄ መጣ። ራዲዮው እሱን ሰምቶ ተናገረ፣ እሱ ራዲዮውን ሰምቶ አመነ፤ ባሌን በመሐል ሁለቱ ተቀባብለው ቀበሩት። ስስቅ ቆይቼ እዚያው ጎማው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ከዚያ ተነሥቼ «ና፣ ይህንኑ ለአማቴ ትነግራለህ» አልሁት። ቀበሌውን ፈርቶ አንገራገረ። «ካልመጣህ ነገ ጎሕ ሲቀድ የምታረዳኝ አንተ ነህ» ስለው ተከተለኝ።

ደሴ ስንደርስ ሽማግሎቹ ቤታችን ዱዓ ላይ ነበሩ። ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና፣ «ሁለት ናቸው ስንል አንድ ኖረዋል። አንዱም አላየም» አሉ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። መርዶው ቀረ። እናቴም በነጋታው ወደ ኩታበር ተመለሰች።

አሁን አርፋለሁ ብዬ ነበር፤ አላረፍሁም። ሞተ የሚለውን ወሬ አፈረስሁ እንጂ አለ የሚል ወሬ አላገኘሁም። ፋብሪካ ውስጥ እጄ እየሠራ ልቤ ሰሜን ነበር፤ የጫማ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ዞር እል ነበር።

ከእኛ ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ከባሌ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ሄዷል፣ ጦሩም አንድ ነው። መንገድ ላይ ጠብቃ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ አጣርተሻል አሉ። ልጄ አለ?»

«አላውቅም እትዬ። ሹፌሩ አለማየቱን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ዒዳ አልተቀመጥሽም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ትሄጃለሽ። እሱ ይበቃኛል።»

«እትዬ፣ እኔ ሥራ መሄዴ ስለ ልጅዎ ምንም አይናገርም!»

ትታኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ገና ሳይነጋጋ አውቶቡስ ልይዝ ስወርድ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሰላምታ የለም፣ ጥያቄ የለም። ታየኛለች፣ ትገባለች። ያ የምጠላው ታማኝ ምንጭ እኔው ሆኜ ቁጭ። ራሴን ሲፈልጠኝም፣ ጉንፋን ሲጥለኝም መቅረት ፈራሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የሰው ልጅ ነፍስ በእኔ ነጠላ ጫማ ላይ ተንጠልጥሎ!

ከኮምቦልቻ ይዣት የመጣሁት ወባ ግን ይህን አላወቀችልኝም። አንድ ቀን ልነሣ ብዬ አቃተኝ፤ አማቴ ብርድ ልብስ ደራርበውብኝ ተኛሁ። ፀሐዩ ከፍ ሲል ከታች በኩል ጩኸት ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት። የልጇን ስም እየጠራች ነው የምትጮኸው፤ ሰፈሩም ወደዚያው እየሮጠ ነው።

እየተንገዳገድሁ ወረድሁ። ሰዉን ገፍቼ ፊቷ ቆምሁ። «ወባ ነው እትዬ፤ ያስቀረኝ ወባ ነው» አልኋት። ጎረቤቶቹም «ወባ ነው አለችሽ እኮ» አሏት። ማንንም አልሰማችም። ደረቷን መምታቷን ያቆመችው እጇን ዘርግታ ግንባሬን ከነካችና ትኩሳቱ መዳፏን ካቃጠላት በኋላ ነው።