ልጄን ያስመለሰኝ ድካም

ኮልፌ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ልጄም እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረችው እዚያው ነው። ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ አብረን እንገባለን። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ስድስተኛን ስትጨርስ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከወራት በፊት ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች ወደተከፈተ ትምህርት ቤት ለመግባት ፈተና ተሰጥቶ ነበር። ከእኛ ልጆች መካከል ያለፈችው የእኔዋ ብቻ ሆና ተገኘች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ደብዳቤውን ሰጡኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ምን አሰብሽ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ሩቅ ነው።»

«ርቀቱስ ይሁን። ወላጆች ግን ይጠይቁኛል። መምህሯ እንኳ ልጇን አስወጣች ማለታቸው አይቀርም። አትሂድ እያልኩሽ አይደለም፣ እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ተበሳጨሁባቸው፤ ግን ልክ ነበሩ። በየዓመቱ ልጆቻቸውን አስወጥተው ወደ ግል ትምህርት ቤት ሊወስዱ መሸኛ የሚጠይቁ ወላጆችን ቁጭ አድርጌ የማነጋግረው እኔ ነበርኩ። «እኔም ልጄን የማስተምረው እዚሁ ነው» እላቸዋለሁ። ከዚህ የተሻለ የማሳመኛ ቃል አልነበረኝም።

ባለቤቴ ሶፋ ሠሪ ነው። እሱ ትምህርቱን ያቋረጠው ስምንተኛ ላይ ነው፣ ያንን ሲያነሳ አሁንም ፊቱ ይለወጣል። ማስቲሽ በነካው ጣቱ ደብዳቤውን ይዞ ሦስት ጊዜ አነበበው።

«ይሄ ምን ያጠያይቃል? ትሄዳለች» አለ።

«ማን ያደርሳታል?»

ደብዳቤውን አጥፎ «ጠዋት አንቺ፣ ማታ እኔ» አለ።

ልጃችንን ስንጠይቃት የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ማይክሮስኮፕ አለው? በሥዕል ሳይሆን እውነተኛ?»

«አለው ይላሉ» አልኳት።

«በቃ እሄዳለሁ» አለች። መሸኛዋን ራሴ ጽፌ ርዕሰ መምህሩን አስፈረምኩ።

ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማውን አቋርጦ በወዲያኛው ጫፍ ነው። ሱብሂ እንደሰገድን እንወጣለን። እስከ ጦር ኃይሎች ታክሲ፣ ከዚያ እስከ መገናኛ ባቡር፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ታክሲ። እሷን በር ላይ አድርሼ ያንኑ መንገድ እመለሳለሁ። ርዕሰ መምህሩ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜዬን ወደ ሦስተኛ አዘዋወሩልኝ፤ እኔ ግን ብዙ ቀን ለእሱም አልደርስም ነበር። የጎን ክፍል መምህሯ የእሷንም የእኔንም ልጆች በአንድ ጊዜ ስትጠብቅ አገኛታለሁ። ቾኩን ታቀብለኝና ትወጣለች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ጥሩ ነበሩ። ልጄ መንገዱን ሙሉ ታወራ ነበር። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደተነጠፈ ሸክላ ነው አለችኝ። አንድ አስተማሪዋ የማያውቀው ጥያቄ ጠይቃው «ነገ አንብቤ እመጣለሁ» እንዳላት በኩራት ነገረችን። አብራት ስለምትቀመጥ ልጅ አንድ ምሽት ሙሉ አወራችልን፤ ምሳቸውን ይቀያየራሉ፣ በአንድ መቀስ ይቆርጣሉ፣ እኩል ይስቃሉ።

ከዚያ ወሬው እየቀነሰ መጣ። ባቡር ውስጥ ቆማ፣ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጥላ ትተኛለች። እኔም ዘንጉን እንደያዝኩ ዓይኔ ይከደናል። ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን እስታለሁ። አንዴ ቀላል የክፍልፋይ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሠርቼ፣ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ቀስ ብላ አረመችኝ። ሌሎቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት በር ላይ ጠበቀችኝ። ባለፈው ዓመት ልጇን ልታስወጣ መጥታ አግባብቼ የመለስኳት ነች።

«ቲቸር፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ ሒሳብ እየከበዳት ነው። ጠዋት ጠዋት አይገቡም ትለኛለች።»

«ልጄን ሳደርስ እየዘገየሁ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔ እኮ ያስቀረኋት እርስዎን አምኜ ነው» አለች። ቁጣ የለበትም። እንዲሁ ነገረችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት፣ እንደ ዕድል ሆኖ ባቡሩ ላይ መቀመጫ አገኘን። ሁለታችንም ተኛን። የነቃነው ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው፤ መጨረሻው ፌርማታ ደርሰናል። የዚያን ቀን መጀመሪያ ሰዓት ላይ ፈተና ነበራት። ወረድንና እዚያው ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። አላመመኝም። መነሳት ብቻ አቃተኝ። እንባዬ ይወርዳል፣ ላቆመው አልቻልኩም።

«እማ፣ ተነሺ እንጂ» አለችኝ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ።

«ትንሽ ልረፍ።»

ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ። ፈተናው አለፈ፣ እኛም ብዙ ቆየን።

በዚያው ሳምንት ጁምዓ ከሰዓት፣ ልብስ ሳጣጥፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት መመለስ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ጓደኛ የለኝም። እዚያ ያሉት ልጆች ይኮራሉ።»

ያቺ ምሳ የምትቀያየራት ልጅ ወዲያው ትዝ አለችኝ። እሷስ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» ብቻ አልኳት። «አዎ» አለች። «እሺ» አልኩ። በዚያች ቅጽበት ሰውነቴ እንዴት እንደቀለለኝ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ባለቤቴ ተቆጣ። «ይሄ ሐሳብ ከእሷ አልመነጨም። አንቺ ነሽ ያልሻት።»

«እኔ ምንም አላልኳትም» አልኩት። እውነት ነው፣ አላልኳትም። ለሁለት ቀን ሳያናግረኝ ቆይቶ ሰኞ ዕለት መሸኛዋን ሊያወጣ አብሮን ሄደ። እዚያ ያሉት አስተማሪዋ እስከ በር ሸኝተዋት አቅፈዋት ተመለሱ። ባለቤቴ ወደ ኮልፌ እስክንመለስ በመስኮት ሲያይ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ምንም ሳይጠይቁ መዘገቧት። ወሬው በቶሎ ተሰማ፤ ያቺ እናት መንገድ ላይ አግኝታኝ ሳመችኝ። «አልሃምዱሊላህ፣ ተመለሱልን» አለችኝ። እኔም ሳቅሁላት።

አሁን ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነች። ጓደኞቿ ይወዷታል፣ ጠዋት እስኪበቃት ትተኛለች። የሳይንስ መምህሯ ግን አንድ ቀን ስታፍ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «ልጅሽ ሁሉንም ነገር በአሥር ደቂቃ ትጨርስና ውጭ ውጭ ታያለች። ምን ልስጣት?» ብሎ ጠየቀኝ። የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ፈልጌ አመጣሁላት። በሁለት ሳምንት ጨርሳ መለሰችልኝ።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ ቅዳሜ ቀን ዩኒፎርሟን ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኳት። «ጓደኛ የለኝም ያልሽኝ እውነትሽን ነበር?»

የሸሚዟን ኮሌታ ማሸቷን አላቆመችም። «እማ፣ አንቺ እኮ ቆመሽ ትተኚ ነበር።»

«ለምን እንደዚያ ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

እልህ ይዞኝ ማድረሴን እቀጥል ነበር፣ ወይም ደግሞ እሺ እላት ነበር። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሰሞኑን ዘጠነኛን በዚያው ልዩ ትምህርት ቤት መማር ለሚፈልጉ የፈተና ምዝገባ ተጀምሯል። ቅጹን ማንም ሳይነግራት ወስዳ ሞልታዋለች። የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ እንድፈርም ትናንት ማታ ካረምኳቸው ደብተሮች ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ፈረምኩ። አሁን አድጋለች፣ ኢንሻአላህ ብቻዋን ትመላለሳለች እያልኩ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ከዚያ ቀጣዩን ደብተር ስቤ ማረሜን ቀጠልኩ።