አቶ አልኮልና የአማቹ ሰዓት

ቀኑን ሙሉ የሰው ሽንትና አክታ ሲመረምር የሚውል ሰው ላብ ይጸየፋል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? የክሊኒኩ ላብራቶሪ ባለሙያ እንዲህ ነበር። ሥራ ቦታ ያለው ቆሻሻ በብልቃጥ ተከድኖ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ነው የሚመጣው፤ እሱን ምንም አይለውም። የሰው አንገትጌ፣ የሰው ማበጠሪያ፣ የሰው ሰዓት ማሰሪያ ግን፣ ኤዲያ! ማየቱ ራሱ ያቅለሸልሸዋል። የነካውን ሁሉ በአልኮል ስለሚወለውል ባልደረቦቹ «አቶ አልኮል» ይሉታል። አንድ ጠብታ እንኳ ቀምሶ አያውቅም።

የሚሰበስበው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያገለገለ የስፖርት ሰዓት! ያውም የድሮዎቹን ዲጂታሎች፣ ጣት ሲያስቀምጡባቸው የልብ ምት የሚቆጥሩትን፣ እርምጃ እንቆጥራለን እያሉ ሻይ ሲያማስሉ እንኳ የሚደምሩትን። ስልሳ ሦስት አሉት፤ እያንዳንዱ በናሙና ከረጢት ታሽጎ፣ ቀን ተጽፎበት። ታዲያ ከማሰሪያቸው ሥር የማያውቀው ሰው እድፍ እንደ ሊጥ ደርቆ ይመጣል። እፍ! ጓንት አጥልቆ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በጥርስ ብሩሽ ይፍቀዋል። «እድፉን እንኳ ሳይጠርጉ ይሸጡታል፤ ሰው አይደሉም እኮ!» እያለ ሻጮቹን ይራገማል።

አማቹ፣ የታላቅ እህቱ ባል፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሐኪም «ቦርጭህን አጥፋ» ካለው ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰዓት አስሮ በየጠዋቱ ይሮጥ ነበር። «ያንተዎቹ ከረጢት ውስጥ ሆነው ወዴት ይሮጣሉ?» እያለ ያበሽቀዋል። ላቡን ሳያብስ ደግሞ ይጨብጠዋል፤ አውቆ ነው። ከስድስት ወር በፊት አንድ ቀን ሮጦ ገባ፣ ቁርሱን በላ፣ ሥራ ሄደ፤ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ እዚያው መሪው ላይ ልቡ ቀጥ አለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እህቱ ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልላ ቤቱ መጣች። «እስቲ እየው» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስልኳ ስለጮኸ ወደ በረንዳ ወጣች።

መሐረቡን ገለጠው። ጥቁሩ ማሰሪያ በደረቀ ላብ ነጭ ሆኗል፤ ቀዳዳዎቹ በእድፍ ተደፍነዋል። «ወይ ይሄ ሰውዬ! ሞቶም ላቡን ያስጨብጠኛል» አለ። ጓንት አጥልቆ ማሰሪያውን ፈታና በሁለት ጣቱ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። ጀርባውን ከፍቶ ባትሪውን አወጣ። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ሰዓት እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አሮጌ ባትሪ ካፈሰሰ የሰዓቱን አንጀት ይበላል። በአልኮል ሲፈትገው እህቱ ተመልሳ ገባች።

«አየኸው? የመጨረሻውን ቀን ሩጫ አውጣልኝ እስቲ። ስንት ደቂቃ እንደሮጠ፣ ልቡ ስንት እንደመታ። ይጠፋብኛል ብዬ ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ቁልፍ አልነካሁም፤ ለሚያውቀው ልስጠው ብዬ አመጣሁልህ።»

ክው አለ። እነዚህ የድሮ ሰዓቶች ባትሪያቸው ሲወጣ ያስቀመጡትን ሁሉ ይረሳሉ፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ባትሪውን መለሰው። ሰዓቱ ጢጥ አለና ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ አሳየ። አንድ ቁጥር ፈጥሮ ሊነግራት አሰበ፤ መቶ አርባ ቢላት ታምነው ነበር። ይህን በማሰቡ ምራቁ መረረው።

«እትዬ፣ አጠፋሁት። ባትሪውን አወጣሁት። ልማድ ነው፣ ሳላስብ...»

ምናለ ብትሰድበው! ባዶውን ሰዓት አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው። «አልኮል አልኮል ይላል» አለች። ቀጥላም፣ «ማሰሪያውስ?»

ጓንቱን አውልቆ ቅርጫቱ ላይ ተንበረከከ። ያገለገለ ጥጥ፣ የሻይ ቅጠል፣ የብርቱካን ልጣጭ በባዶ እጁ አገላበጠ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ላብ ሲጸየፍ የኖረው ሰውዬ፣ ያን ቀን ያቅለሸለሸው የገዛ እጁ ነበር። ማሰሪያውን አገኘና ወደ ቦታው መለሰው።

እህቱ ማሰሪያውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ደጋግማ አሸተተችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት። «እሰርልኝ።»

አሰረላት። የደረቀው ላብ በጣቱ ወዝ ረጥቦ ተጣበቀበት።

«አጥብቀው» አለችው። «እሱ አጥብቆ ነበር የሚያስረው።»