በፊደል ተራ የደረደርኩት ዝርዝር

ይህን እስከ ትናንት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም። ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

በተመረቅኩ በሦስተኛው ወር ሸዋ ሮቢት አጠገብ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። የመድኃኒት መጋዘኑ ፕሮግራም ላይ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ ቁጥር ይሞላል፤ ክምችቱ ከዚያ ሲወርድ ፕሮግራሙ «ይጠየቅ» ብሎ በቀይ ያሳያል። ኃላፊያችን ቁጥሮቹ ይታዩ አሉ። እሳቸው ደግሞ ስክሪን አይወዱም፤ ወረቀት ላይ ማስመሪያ አስደግፈው መስመር በመስመር ካላነበቡ አይፈርሙም። ስለዚህ የመድኃኒቶቹን ስምና ቁጥር ከፕሮግራሙ ወደ ኤክሴል ገልብጬ እንዳትም ታዘዝኩ።

ገለበጥኩ። ከዚያ እንዲያምር ብዬ ስሞቹን በፊደል ተራ ደረደርኳቸው። ስሞቹን ብቻ። ቁጥሮቹ በነበሩበት ቀሩ። ለወባ መድኃኒት የሌላ መድኃኒት ትንሽ ቁጥር ደረሰው። ማመሳከር አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። ለምን? የአጣዬ መኪና እንዳያመልጠኝ። ይኸው ነው።

የመጋዘን ሠራተኛዋ እትዬ ዘይነብ ወረቀቱን አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ የወባዋ አላነሰችም? እዚህ ቆላ ነው እኮ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልኳቸው።

ኃላፊያችን ፈረሙ፤ እኔም የተፈረመውን ፕሮግራሙ ላይ መልሼ ሞላሁ። እትዬ ዘይነብን በእጅ የሚጽፉትን የክምችት ካርድ ይተዉት ያልኳቸውም እኔው ነኝ።

መስከረም ላይ ወባ ገባ። ፕሮግራሙ ዝም አለ፣ መድኃኒቱ አለቀ። በትኩሳት የሚንቀጠቀጡ ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ። በኋላ በተደረገው ግምገማ እትዬ ዘይነብ «በጊዜ አልጠየቁም» ተባሉ፤ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ወደ ካርድ ክፍል ተዛወሩ። እዚያው ተቀምጬ ነበር። ስህተቱን ከግምገማው ሁለት ቀን በፊት አግኝቼ ሹልክ ብዬ አስተካክዬው ነበር። እጄን አላወጣሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ በካርድ ክፍል ሳልፍ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ግን እውነቱን አልነገርኳቸውም።

በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣሉ። ትናንት ትክክለኛውንና እኔ ያዛባሁትን ዝርዝር ይዤ ቤታቸው ሄድኩና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን አስተያዩ።

«እኔ አፉ ብዬሻለሁ፤ አላህም ይበልሽ። ያን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ግን ከፋይሌ አስወጪልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ በሱ ነው እንዴ የምወጣው?»

ዛሬ ጠዋት ጥፋቴን ጽፌ፣ ፈርሜ ለኃላፊያችን ሰጠሁ። ማስመሪያቸውን አስደግፈው አነበቡት። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። እኔን ግን ቀሎኛል፤ ምሳዬንም ጥርግ አድርጌ በላሁ። አዲስ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ አልልም። ማስጠንቀቂያው ከእሳቸው ፋይል ይውጣና የኔ ውስጥ ይግባ። የኔ ነው።