ቅቤ የጠጣው ካሜራ

ሥራ የገባሁ ቀን የታየው ፊቴ ሳይሆን እጄ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ጣልያን በሰፈረበት ግቢ በር ላይ አስተርጓሚው መዳፌን ገልብጦ አየና ለካፒቴኑ፣ "ይሄ ኮርቻ ሠሪ ነው፤ ቆዳ ያውቃል" አለው። ፊቴን ቢያዩት ኖሮ የሚቀጥሩኝ አይመስለኝም።

ካፒቴኑ ከዘመቻ ሲያርፍ የሚዝናናባቸው ነገሮች ነበሩት፤ ብስክሌት፣ የአደን ጠመንጃና ካሜራ። የእኔ ሥራ እነዚህን ከዝናብ፣ ከአቧራና ከሌባ መጠበቅ ነው። በማዕረግ ከእኔ በታች የነበረው የካፒቴኑ ውሻ ብቻ ነው። እሱም ሥጋ በሚቆረጥበት ቀን ይበልጠኝ ነበር።

ቤተሰቤን ላበላ ብዬ ገባሁ ብነግራችሁ ያምርብኝ ነበር። እውነቱ ግን ብስክሌቱን ወድጄ ነው። ካፒቴኑ በማይኖርበት ጊዜ በግቢው እነዳው ነበር። መንዳት ካልነው ነው እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ላዬ ላይ ነው የሚገኘው።

የብስክሌቱን ካቴና በላምባ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ከዚያ ቀጭን የማሽን ዘይት አጠጣዋለሁ። አንዴ ዘይቱ ሲያልቅብኝ የኑግ ዘይት ቀባሁት። ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ተጣብቆ ካፒቴኑን ገበያ መሃል አስቆመው። እሱ በጥፊ ታለፈ።

ካሜራው ግን ጭንቅ ነው። የጎጃም ክረምት ሌንስ ይበላል፤ ሻጋታው መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያደራል። እኔ ካሜራውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ አጠገቡ ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥሬ አኖርሁ። ከሰሉ እርጥበቱን ሲጠጣ እሳት ዳር አደርቅና እመልሰዋለሁ። መስከረም ሲጠባ ካፒቴኑ ሌንሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየና "ብራቮ" አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ካሜራው ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ ፊልም አለው። መካከላቸው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ጥቁር ቆዳ ነው። በጋ ሲገባ ያ ቆዳ ደርቆ ይንኳኳ ጀመር።

"አለስልሰው ብሎሃል" አለኝ አስተርጓሚው።

"በምን?"

"ቆዳ አውቃለሁ ያልኸው አንተ አይደለህም?"

እኔ መቼ አልሁ? ያለው እሱ ነው። ቢሆንም ቆዳ በምን እንደሚለሰልስ የጎጃም ሰው አይጠየቅም። ኮርቻውም፣ ጠፍሩም፣ የካፒቴኑ ጅራፍ ሳይቀር በእኔ እጅ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ለጋ ቅቤ አምጥቼ ወናፉን እጥፋት በእጥፋት አሸሁት። እንደ ሙሽራ አብለጨለጨ። ቅቤው እስኪገባው ብዬ ሣጥኑን ሳልከድን አሳደርሁት። እኔ ወደድሁት፤ አይጦቹም ወደዱት።

በዚያው ሰሞን በደብረ ወርቅ መንገድ አንድ የጣልያን የጭነት መኪና ተመታ። ከመቱት አርበኞች አንዱ እግሩ ተሰብሮ ተያዘና ካምፕ ውስጥ ተኛ። ገርፈው ገርፈው፣ ጓደኞቹን ፊታቸውን ካየ ሊያመለክት እሺ አለ። ተሸክመው መንደር ለመንደር ሊያዞሩት ስላልቻሉ፣ ካፒቴኑ በመኪናው አቅራቢያ ያለውን መንደር ወንድ በሙሉ ፎቶ ሊያነሳ ተነሳ። መንደሩ የሚስቴ መንደር ነው። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ዋሴ ቤቱ የማያድርባቸውን ሌሊቶች ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

እዚያ ደርሰን ሣጥኑን ስከፍት ቆዳው ተቆርጥሟል። ፊልሙ ሳይገባ ጋቢዬን ተከናንቤ ወናፉን ዘረጋሁና ወደ ውስጥ አየሁ። ትናንሽ ብርሃኖች እንደ ኮከብ ይታያሉ። መልሼ ጠጋ አደረግሁት። እጥፋቶቹ ቀዳዳዎቹን ዘጉና ጨለማ ሆነ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቅርብ ያለ ሰው ሲነሳ ወናፉ ይዘረጋል፣ ብርሃንም ይገባል፤ ራቅ ያለ ሲነሳ ይታጠፋል፣ አያስገባም።

ጥቁር ጨርቅና ሙጫ በኮሮጆዬ ነበረ። እጄ ወደ ኮሮጆው ሲሄድ ዋሴን ከሰልፉ መሃል አየሁት። እጄን መለስሁ። ጀግና ነህ እንዳትሉኝ፤ ኮሮጆውን ስከፍት ስዘጋ ካፒቴኑ "ምን ጠፍቶበት ነው?" ብሎ አስጠይቆኛል።

ሰዎቹን የማቆመው እኔ ነኝ። ድንጋይ አምጥቼ ካሜራው አፍንጫ ሥር አስቀመጥሁና "ድንጋዩ ጋ ጠጋ በሉ" እያልሁ አቆምኋቸው። ካፒቴኑ ወናፉን እየዘረጋ አነሳቸው። እኔም በልቤ ለአይጦቹ ምሥጋና አቀርብ ነበር።

የዋሴ ተራ ደረሰ። ከድንጋዩ ርቆ ቆመ።

"ዋሴ፣ ጠጋ በል።"

"ለማን ብዬ?"

"ለራስህ። ድንጋዩ ጋ ቁም።"

"እህታችንን ለኮርቻ ሠሪ የዳርን መስሎን ነበር፤ ለካ ለነጭ ገረድ ነው!" ሰልፈኛው ሳቀ። "ደግሞ ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ።"

"በእህትህ ሞት፣ ትንሽ ብቻ ና።"

"አልመጣም። ጌታህ ከፈለገኝ እሱ ይምጣ።"

አስተርጓሚው አጠገቤ ቆሞ አፌን ያያል። ሌላ ምን ልበል? ክንዱን ይዤ ልጎትተው ስል መነጨቀኝ። ካፒቴኑ ሰለቸውና "ተወው፣ እዚያው ይቁም" አለ። ወናፉን መለስ አደረገው። እጥፋቶቹ ሲገጥሙ ሰማኋቸው። ቀጭ አለ።

ፊልሙን ካፒቴኑ በተጋረደ ድንኳን ውስጥ ራሱ አጠበው፤ ፎቶዎቹን ያሰጣሁት እኔ ነኝ። የሰው ሁሉ ፊት ነጭ ጭጋግ ውጦታል። አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ። ዋሴ ብቻ ሽፋሽፍቱ እስኪቆጠር ጠርቶ ወጥቷል። እኔን የናቀበት ፈገግታ እንኳ ከንፈሩ ላይ አለ። ሌንሱ ላይ አንዲት ሻጋታ አልነበረችም። ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁት እኔ ነኛ።

ለምርኮኛው አሳዩት። "አዎ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በገበያ ቀን ዋሴን ሰቀሉት።

እኔ የተገረፍሁት ለቅቤው ነው። ካፒቴኑ ከሞኝነት ሌላ አልጠረጠረኝም፤ ፊቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ጅራፉ እንደ እባብ ይጠመጠም ነበር። አለስልሼው ነበር አላልኋችሁም?

ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኋት። "ያንተን ነገር መቼ ሰምቶ ያውቃል" አለች። ዋሴ በዕድሜው የተነሳው ፎቶ ያ ብቻ ነው። የት እንደገባ አላውቅም።

ጣልያን ከሄደ በኋላ እዚሁ ማርቆስ ካሜራና ብስክሌት ስጠግን አረጀሁ። ለእናንተ ለጠጋኞቹ የምለው ይህ ነው። የካሜራ ቆዳ ቅቤ አይቀባም፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አይጥ የማይደርስበት ይቀመጣል። ስትፈትሹት ዘርግታችሁም አጥፋችሁም እዩት። ቀዳዳ ያለበትም ቢሆን ሲታጠፍ ጥሩ አድርጎ ያነሳል።