እጄ እስኪፈታ

ልጅ እያለሁ በቅናት እንዴት እንዳልታመምኩ አሁንም ይገርመኛል። ያውም የቀናሁት እጄን በሰበረችው ልጅ ላይ ነው።

ያደግነው አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ነው። ጠዋት የክር ፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮኽ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ጸጉራቸው ላይ ብናኝ ጥጥ እንደያዙ ይመለሳሉ፤ እኛ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። አምስተኛ ክፍል ሆነን የሴቶቹ ሁሉ የእረፍት ጨዋታ ሱዚ ነበር። ሁለት ልጆች ላስቲኩን በእግራቸው ወጥረው ይቆማሉ፣ ባለተራዋ ትዘላለች። ጫልቱ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ከዳር ካሉት የገበሬ መንደሮች የመጣች ልጅ ስለነበረች ተራው አይደርሳትም፤ ሁልጊዜ ላስቲክ ያዥ ናት። አንድ ቀን እኔ ስዘል ከእሷ ጋር «ነክተሻል» «አልነካሁም» ተባባልን። የባንዲራ መስቀያው ድንጋይ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ገፋችኝ፣ ወደቅኩ፣ ቀኝ እጄ ተሰበረ። ወጌሻው በቅቤ እያሹ አጥንቴን ሲያቃኑት የጮኽኩት ጩኸት ባቡር ጣቢያው ድረስ ተሰምቷል ይባላል። በቀርከሃና በጨርቅ ጠፍረው አሰሩኝና እስክፈታው ድረስ ምንም እንዳታነሺበት አሉኝ።

በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ የጠበቀው ግርፋት ነበር። የጫልቱ አባት ተሳቢ መኪናቸውን በር ላይ አቁመው፣ ናፍታ ናፍታ እየሸተቱ ገቡና ገና ሳይቀመጡ ቀበቶአቸውን መፍታት ጀመሩ። ስም ጠሪ መምህራችን ጋሽ በየነ እጃቸውን ያዙ። «ቀበቶው ይቆይ፣ መጀመሪያ እንስማቸው» አሉ። ከዚያ እናቴን፣ እኔን፣ ጫልቱንና አባቷን ባዶ ክፍል አስገብተው፣ ዴስኮቹን ገፋ ገፋ አድርገው፣ ጉልበት ለጉልበት አስቀመጡን።

መጀመሪያ እኔን ምን እንዳቃተኝ ጠየቁኝ። መጻፍ፣ መልበስ፣ ለእናቴ ውኃ መቅዳት አልኩ። ጫልቱን ደግሞ ምን ሆና እንደገፋችኝ ጠየቋት። ላስቲክ ያዥ መሆን እንደሰለቻት ተናገረች። አባቷ አንገታቸውን ደፉ። እናቷ እንደሞተች፣ እሳቸው ጅቡቲ ሲመላለሱ አክስቷ ጋ እንደምትቀር ያን ቀን ነው የሰማነው። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ታያት ነበር፤ ያ አስተያየቷ ያኔውኑ ሊያሰጋኝ ይገባ ነበር። ምን ቢደረግ እንደሚሻል ሁላችንንም በየተራ ጠየቁንና ከተስማማን በኋላ ጋሽ በየነ ወደ ጫልቱ ዞሩ።

«እጇ እስኪፈታ እጅ ሁኛት» አሏት።

በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ በራችንን አንኳኳች። ቦርሳዬን ተሸከመች፣ ክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ገለበጠችልኝ፣ ከሰዓት ከቦኖው ጀሪካን ሞልታ አመጣች፣ ምስር ለቀመች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ባላባት ሚስት ተጎልቼ አዘዝኳት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ከዚያ እናቴ መሳቅ ጀመረች። ጫልቱ አማርኛው ሲጠፋት በኦሮምኛ እየሞላች የአባቷን የመንገድ ወሬ ስታወራት፣ እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ሳወራ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ቅዳሜ ሹሩባ ስትሠራን እሷን ታስቀድማለች፤ «ጫልቱዬ» እያለች አንገቷን ታቃናታለች፤ እኔ ማበጠሪያ ይዤ ተራ እጠብቃለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን የሽሮው ድስት ነው። ድስት መጥረግ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የኔ ማዕረግ ነበር፤ ከሥሩ ያዝ ያደረገውን ሽሮ በእንጀራ የመጥረግን ጣዕም የኔ ዕድሜ ሰው ያውቀዋል። እናቴ በአንድ እጅ አይሆንልሽም ብላ ድስቱን ለጫልቱ ሰጠቻት። ያን ቀን ራት አልበላሁም።

ስለዚህ እጄ ቶሎ መፈታት ነበረበት። ወጌሻው ጋ ሄጄ ድኛለሁ አልኩ። አጥንቱን ጫን አድርገው ያምምሽ እንደሆን ሲሉኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ በፍጹም አልኳቸው። ፈገግ ብለው አዩኝና ፈቱልኝ። ቀጥኖ የገረጣውን እጄን እያወዛወዝኩ ቤት ስገባ እናቴ እልል አለች። ጫልቱ የያዘችውን ጀሪካን አስቀምጣ እጄን ስታይ ቆየችና አለቀሰች።

«ነገ አልመጣም ማለት ነው?» አለች።

«እጇ ዳነ እንጂ ቤቱ ጠፋብሽ እንዴ?» አለቻት እናቴ፤ ብላም ድስቱን አቀበለቻት። እኔ ሁለት ደህና እጅ ይዤ ቆሜ አየኋቸው።

በዚያው የቤታችን ልጅ ሆና ቀረች። አብረን አደግን፤ የልቤን የምነግራት እሷ ናት፤ ሰርጌ ላይ ከእናቴ እኩል ያለቀሰችውም እሷ ናት። ቅናቱ ግን አለቀቀኝም። እናቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስትገባ ጫልቱ አጠገቧ ያለው ብሎክ ላይ ቤት ተከራየች። መብራት ሲጠፋም ወገቧን ሲያማትም እናቴ መጀመሪያ የምትደውለው ለጫልቱ ነው፤ እኔ ማታ ነው የምሰማው።

ዘንድሮ ልጄ ሜሮን ከጓደኛዋ ከሊያ ጋር ተጣልተው ፊታቸውን ተቧጨሩ። ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም ለጥቂት ቀናት ከቤት አዋላቸው፤ እኛን ወላጆችን ለየብቻ ጠርቶ አስፈረመን፤ ሲመለሱም የተለያየ ክፍል መደባቸው። አንድ ላይ አስቀምጠን እናነጋግራቸው ብዬ ለምኜ ነበር። ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩና ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደም ግፊቷ ተነስቶ ክሊኒክ ገባች። ሜሮንን ይዤ ከቃሊቲ በሚኒባስ እየበረርኩ ስደርስ ነርሷ በር ላይ አቆመችኝ። «ልጃቸው ውስጥ ናት፤ አንድ አንድ ሰው ነው የምናስገባው» አለችኝ። በመስታወቱ ሳይ ጫልቱ የእናቴን እግር እያሸች ታወራታለች፤ እናቴ በዚያ ሁኔታዋ ትስቃለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቅናቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።

«ውስጥ ያለችው ማን ናት?» አለች ሜሮን።

«አክስትሽ ናት። እጄን ሰብራ እናቴን የወሰደችብኝ» አልኳት በብሽቀት።

ሜሮን ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ጫልቱን የምታውቃት እንደ አክስቷ ብቻ ነው። ተራ እስኪደርሰን የሱዚውን ጸብና ጋሽ በየነ ባዶ ክፍል ውስጥ ያስቀመጡንን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ተነስታ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች።

«እኛን ግን ማንም አንድ ላይ አላስቀመጠንም። ሊያ እኮ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ነው የምታዞረው» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ልጄ ቀንታብኝ ነበር።