የእርቁ ሻይ እና የተውኩት ስኳር

እሁድ፣ ሰኔ 8። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፣ ግን አልዘነበም። ቦታው አምቦ፣ የጎረቤቴ የጫልቱ ሳሎን። የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። ጫልቱ፣ አስታራቂያችን ኦቦ ቶሎሳ እና እኔ።

ከጫልቱ ጋር ከአምና ክረምት ጀምሮ ተኳርፈናል። የጣሪያዋ አሸንዳ ውሃውን ወደ እኔ እየለቀቀ ጓሮዬን ኩሬ አደረገው። ተናገርኩ፣ ተናገረች፣ ከዚያ ተዘጋጋን። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ላይ ጎበዝ ነኝ። ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ወዲያ ስታነጥስ እየሰማሁ «ይማርሽ» ሳልል ኖርኩ።

ኦቦ ቶሎሳ የእድራችን ሽማግሌ ናቸው። አሸንዳው ወደ መንገድ ይዙር ብለው ፈረዱ፣ ተስማማን፣ ተሳሳምን። አለቀ ብዬ ነበር... ሻይ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስኳር ትቻለሁ። በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳነብ ነው የጀመረኝ። እኔ ወረቀት ካገኘሁ ሳላነብ አልጥልም። ስኳር መተው ያለውን ጥቅም ከዘረዘረ በኋላ «በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያጋጥመው ትልቁ ፈተና...» ይላል፤ ቀሪው ተቀዷል። ፈተናውን ሳላውቀው ገባሁበት።

በእኛ ሰፈር ስኳር ለብቻው አይቀርብም፣ ከሻዩ ጋር አብሮ ይፈላል።

«ለእርቅ ነው ብዬ ጣፈጥ አድርጌዋለሁ» አለች ጫልቱ ብርጭቆውን እየሰጠችኝ።

«ጫልቱዬ፣ ይቅርብኝ... ስኳር ትቻለሁ» አልኳት።

ጫልቱና ኦቦ ቶሎሳ ተያዩ።

ከታረቁት ሰው ቤት የቀረበን ነገር አለመቅመስ ትርጉሙ ሁለት ነው። ወይ ቂሙ አልወጣም፣ ወይ መርዝ ተፈርቷል። ይህን ሳላውቅ ያደግኩ ይመስል!

«ፈራችኝ! ኦቦ ቶሎሳ፣ አዩልኝ፣ ይህቺ ሴት ፈራችኝ!» አለችና ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቃ ፉት አለችው። «ይኸው! ሞትኩ?»

ኦቦ ቶሎሳ ደንገጥ ብለው «እስቲ እኔም» አሉና እሳቸውም ፉት አሉ። «ምንም የለውም ልጄ፣ ጥሩ ሻይ ነው።»

«ኧረ መርዝ ፈርቼ አይደለም!»

«ታመሽ ነው?» አለች ጫልቱ፣ ድምጿ ትንሽ ለስለስ ብሎ።

«አዎ» ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ግን በራሴ ላይ ማሟረት ፈራሁ። «ደህና ነኝ፣ ለጤናዬ ብዬ ነው» አልኩ።

«ጤና ካለሽ የምን ጤና ነው የምትፈልጊው?»

ጋዜጣው እዚህ ድረስ አልሄደም።

«ጾሙም ስለገባ...» ብዬ ስጀምር ኦቦ ቶሎሳ አቋረጡኝ። «እኔም እየጾምኩ ነው። ስኳር ከመቼ ወዲህ ነው ፍስክ የሆነው?»

ጫልቱ ብርጭቆውን ፊቴ አስቀምጣ ዞር አለች። «ይሁን። እርቁ ካልሆነልሽ አሸንዳውም እንደነበረ ይቆይ» አለች። ድምጿ ተሰብሯል። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው አየሁ።

አላስቻለኝም። ሁለቱ የቀመሱልኝን ሻይ አንስቼ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

ውሸት ምን ያደርጋል... ጣፈጠኝ። እስከ እግሬ ጥፍር ጣፈጠኝ። ሳላስበው «ድገሚልኝ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

ጫልቱ እያለቀሰች ሳቀች። ኦቦ ቶሎሳ ተነስተው መረቁኝ። «እንዲህ ነው ሰው! ለጎረቤቷ ስትል የራሷን ነገር የተወች!»

የመጀመሪያውን በእውነት ለእሷ ብዬ ነው የጠጣሁት። ሁለተኛውን ምርቃቱ አሳፍሮኝ። ሦስተኛው ግን... ለማንም ብዬ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ «አካም ቡልቴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንዴት አደርሽ ካለችኝ ዓመት አልፏታል። «ናጋ፣ ደህና!» ብዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

«ነይ፣ ሻይ ጥጃለሁ። ስኳር የለውም። ላንቺ ብዬ እኔም እንደዚያው ልጠጣ ነው» አለችኝ።

ሄድኩ። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቷን አጨማድዳ ዋጠችና «ለካ ጥሩ ነው» አለች። «በጣም እንጂ!» አልኳት። ሁለታችንም እስከ ቅጠሉ ጠጣን።

ከዚያ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጓዳ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ለእንግዳ ያስቀመጥኩትን ስኳር አውጥቼ አንድ ማንኪያ ሙሉ ቃምኩ።